ናይሮቢ ሰልፍ ሲጠራ እንዴት ነው የሚኖረው? ለሀበሻ ነዋሪ ዝርዝር መመሪያ

ናይሮቢ አዲስ የገባ ሀበሻ የመጀመሪያውን ሰልፍ ሲያይ አገር የፈረሰ ነው የሚመስለው፣ ሻንጣ ማዘጋጀት ይጀምራል። የቆየው ደግሞ በተቃራኒው ነው፣ ለምዶታል፣ "ይሄ ምን አላት ነገ ይበርዳል" ብሎ ታውን (መሃል ከተማ) ይወርድና አስለቃሽ ጭስ ጠጥቶ ጫማውን ጥሎ ይመለሳል። ሁለቱም አያዋጣም። የኬንያ ሰልፍ አብዛኛውን ጊዜ ዱብ አይልም፣ ቀን ተቆርጦለት ፖስተር ተሰርቶለት በቲክቶክና በኤክስ ሲዞር ከርሞ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ዋናው ስራ ያለው ሰልፉ ቀን ሳይሆን ከዛ በፊት ባሉት ሶስት አራት ቀናት ነው። እዚህ የምጽፈው እሱን ነው፣ ከቀደሙት ቀናት ተነስተን እስከ ማግስቱ።

መጀመሪያ ካላንደሩን እወቁት

ጁን 25 እና ጁላይ 7ን ስልካችሁ ላይ ምልክት አድርጉባቸው። በ2024 ግብር በሚጨምረው የፋይናንስ ቢል (ረቂቅ ሕግ) ምክንያት ወጣቶቹ ጁን 18 ላይ መውጣት ጀመሩ፣ ጁን 25 ፓርላማ ጥሰው ገቡ፣ ፖሊስ ተኮሰ፣ በማግስቱ ፕሬዚዳንት ሩቶ ቢሉን አልፈርምም አለ። ከዛ በኋላ ቀኑ የሙት ዓመት ሆነ፣ በ2025 ጁን 25 እንደገና ተወጣ፣ ሱቅ ተዘረፈ፣ ሰው ሞተ። ጁላይ 7 ደግሞ ሳባ ሳባ የሚሉት ነው፣ ከ1990 ጀምሮ የመድብለ ፓርቲ ትግል የሚታሰብበት ቀን፣ በ2025 እሱም ደም ፈሶበታል። ሁለቱም በእኛ ሰኔ ውስጥ ናቸው፣ ሰኔ 18 እና ሰኔ 30።

ከነዚህ ውጪ የሚመጡትም ምልክት አላቸው። በጀት የሚወጣበት ሰሞን፣ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ሰው ሲሞት (በጁን 2025 አልበርት ኦጁዋንግ የተባለው ብሎገር እንደሞተው)፣ ትልቅ የፍርድ ቤት ውሳኔ ሲጠበቅ፣ ምርጫ። ተቃዋሚው ፓርቲ ሲጠራ ደግሞ በሳምንት ቀናት ነው የሚጠራው፣ በ2023 ለምሳሌ ሰኞና ሐሙስ እየተባለ ነበር። አንዴ ሪትሙን ካወቃችሁት ሐኪም ቤት ቀጠሮም ሆነ የባንክ ጉዳይ ማክሰኞ ላይ ታደርጉታላችሁ ማለት ነው።

ቀጥሎ ካርታው

ከተማው ሁሉ አይነድም። ታውን ውስጥ የሚያስፈራው ከፓርላማ ዙሪያ ጀምሮ ኬንያታ አቬኑ፣ ሞይ አቬኑ፣ ቶም ምቦያ ስትሪት፣ ሪቨር ሮድ፣ እንዲሁም በእኛው ንጉሥ ስም የተሰየመው ኃይለ ሥላሴ አቬኑ ነው። ወደ ታውን ከሚያስገቡት መንገዶች ቲካ ሮድ በተለይ ጊቱራይና ሮይሳምቡ ጋ፣ ዋያኪ ዌይ ካንጌሚ ጋ፣ ሞምባሳ ሮድ፣ ንጎንግ ሮድ ይዘጋሉ፣ አንዳንዴ በሰልፈኛው አንዳንዴ በፖሊስ። በ2025 ሳባ ሳባ ቀን ፖሊስ ራሱ ገና ሳይነጋ ነው መግቢያዎቹን የዘጋው፣ ነርሱም ቢሮ ሰራተኛውም በእግሩ ሲሄድ ነበር።

ሀርሊንግሃም፣ ኪሊማኒ፣ ላቪንግተን ያላችሁ ሰፈራችሁ ብዙ ጊዜ ሰላም ነው፣ የእናንተ ችግር ወጥታችሁ መመለስ አለመቻል ነው። ኢስሊ ያላችሁ ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለ። ኢስሊ ገበያ ስለሆነ ገበያ ደግሞ ስለሚዘረፍ ነጋዴው ቀድሞ ይዘጋል፣ ጁጃ ሮድና ማታሬ በኩል ያለው ጎን ቶሎ ይሞቃል፣ ፓንጋኒ ላይ ፖሊስ ይቆማል። ፎቅ ላይ ከሆናችሁ ወደ መንገድ ባለው በረንዳ ቆሞ ቪዲዮ ማንሳት የሚባለውን ተዉት። ጥይት ወደ ላይ ሲተኮስ የት እንደሚያርፍ ተኳሹም አያውቅም።

ወረቀታችሁ

እኔ ከምግብም ከገንዘብም በፊት የማስቀድመው ይሄን ነው። ሰልፍ ባለ ሰሞን ፖሊስ ይበዛል፣ ፖሊስ ሲበዛ "ኪታምቡሊሾ" (መታወቂያ) የሚለው ጥያቄ ይበዛል፣ መልኩና አማርኛው የለየው ሀበሻ ደግሞ ከሩቅ ይታያል። በኤፕሪል 2014 ኢስሊ ላይ በተደረገው አሰሳ በሺዎች ተይዘው ካሳራኒ ስታዲየም ታጉረው ነበር፣ ነባሮቹ እስከ ዛሬ ወረቀት ሲባል የሚደነግጡት ወደው አይደለም።

የስራ ፐርሚት ወይም የዲፔንዳንት ፓስ ያላችሁ ኤሊየን ካርዱን (የውጭ ዜጋ መታወቂያውን) ይዛችሁ ውጡ፣ ፓስፖርቱን ቤት ተዉት፣ ፎቶውን ግን ስልካችሁ ላይም ኢሜይላችሁ ላይም አስቀምጡ፣ አንድ ፎቶኮፒ ደግሞ ለምታምኑት ሰው ስጡ። ስደተኛ የሆናችሁ የስደተኛ መታወቂያውን ወይም ማንዴቱን (የዩኤንኤችሲአር ወረቀቱን) ኦርጅናሉን ያዙ፣ ጊዜው አልፎበት እድሳት እየጠበቃችሁ ከሆነ የቀጠሮ ወረቀቱን አብራችሁ ያዙ፣ ካኩማ ወይም ዳዳብ የተመዘገባችሁና ናይሮቢ ያላችሁ ሙቭመንት ፓሱ ቀኑ ያላለፈ መሆኑን እዩ።

ኢሚግሬሽን የሚገኘው ኒያዮ ሃውስ ነው፣ ኒያዮ ሃውስ ደግሞ ኬንያታ አቬኑና ኡሁሩ ሀይዌይ መገናኛ ላይ ነው ያለው፣ የሰልፉ እምብርት አጠገብ ማለት ነው። ቀናችሁ በሰልፉ ሳምንት የሚያልቅ ከሆነ ካለፈው ሳምንት ጀምራችሁ ጨርሱት። "መንገድ ተዘግቶ ነበር" ማለት ቅጣት አያስቀርም። የኢትዮጵያ ኤምባሲም ያው ነው፣ ስቴት ሃውስ አቬኑ ላይ ስለሆነ ወደ ቤተ መንግሥቱ የሚወስደው መንገድ ሲታጠር እሱም አብሮ ይታጠራል። ፓስፖርት ለማሳደስ ወይም ውክልና ለማሰራት ያሰበ ሰው ያን ቀን አይሂድ።

ገንዘብ

እዚህ ሁሉ ነገር ኤምፔሳ (በስልክ የሚላክ ገንዘብ) ነው፣ ችግሩም እዛው ላይ ነው። ኤጀንቶቹ ሰልፉ ቀን ጭራሽ አይከፍቱም ወይ እስከ አራት ሰዓት ሰርተው ይዘጋሉ፣ የከፈተውም "ፍሎት (የምሰጥህ ገንዘብ) የለኝም" ይላችኋል። ስለዚህ ከሁለት ቀን በፊት ለሶስት አራት ቀን የሚሆን ካሽ አውጡ፣ እሱም በሃምሳ፣ በመቶና በሁለት መቶ ሽልንግ ይሁን፣ አንድ ሺህ ሽልንግ ይዞ ቦዳቦዳ (የሞተር ታክሲ) ላይ መውጣት መልስ እንደማታገኙ አውቃችሁ ነው። ካሹን አንድ ቦታ አታድርጉት፣ ትንሿን ኪስ፣ ሌላውን ቤት። የቀረው ኤምፔሳ ላይ ይቀመጥ፣ አካውንቱ እስከ 500 ሺህ ሽልንግ ይይዛል፣ በአንዴ መላክ የሚቻለው 250 ሺህ ነው፣ ለኑሮ ከበቂ በላይ ነው። ኢንተርኔት ሲጠፋ አፑ ቢሞትባችሁም በ*334# መላክ ይቻላል፣ ብዙ ሰው አፑን ብቻ ስለለመደ ይሄን ረስቶታል፣ ከወዲሁ አንድ ጊዜ ሞክሩት።

የመብራት ቶክን (ቆጣሪው ላይ የሚሞላውን ቁጥር) ቀድማችሁ ግዙ። በፔይቢል 888880 ትከፍላላችሁ፣ ቁጥሩ ግን በኤስኤምኤስ ነው የሚመጣው፣ ኔትወርክ ሲጨናነቅ ኤስኤምኤሱ ይዘገያል፣ ቤታችሁ ጨለማ ሆኖ ሜሴጅ መጠበቅ ነው እንግዲህ። አዲስ አበባ ለቤተሰብ የምትልኩትንም ሳምንቱ ሳይገባ ላኩት፣ የምትልኩበት ቢሮ ታውን ወይም ኢስሊ ከሆነ ዝግ ነው።

ቤት ውስጥ ምን ይኑር

ይሄን አላረዝመውም፣ ሀበሻ ሽሮና በርበሬ ሳይኖረው አይኖርም። ለአምስት ቀን ይበቃል ብላችሁ አስቡ። ጋዙ ግን ይታይ፣ ባለ 6 ኪሎው ሲሊንደር ሲያልቅ ሳይነግር ነው የሚያልቀው፣ የሚያመጣላችሁ ልጅ ደግሞ ያን ቀን ሞተሩን አያወጣም። ኪሊማኒ ሆናችሁ እንጀራ ከኢስሊ የምታስመጡ ሁለት ቀን ቀድማችሁ እዘዙ። ውሃ በሃያ ሊትር ጀሪካን ሁለት ሶስት ይቀመጥ። በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት፣ የስኳር፣ የደም ግፊት፣ በተለይ አስም ያለበት ሰው ኢንሄለሩ ሙሉ መሆኑን ይይ፣ አስለቃሽ ጭስ ሁለት ብሎክ ርቀትም ላይ ይደርሳል።

ሰልፉ ዋዜማ ማታ ላይ ማማ ምቦጋዋ (የሰፈሩ አትክልት ሻጭ) ጋ ውረዱ፣ ቲማቲሟ በቶሎ ካለቀና ልጇን ልካ ሸራውን ጠቅልላ የምታስር ከሆነ ነገ አትመጣም ማለት ነው። ከየትኛውም ቲክቶከር የተሻለ መረጃ እሷ ጋ አለ። ማታቱ (ሚኒባስ) ላይ ረዳቱ ቲኬቱን እጥፍ ካደረገው ሌላው ምልክት እሱ ነው፣ የሰፈራችሁን አስካሪም (ዘበኛም) ጠይቁ፣ ሌሊት የሚቀይረው ልጅ ከሩቅ የሚመጣ ከሆነ ባለቤቶቹ ምን እንዳሉት ያውቃል።

ስልክና ወሬ

በጁን 25 ቀን 2024 ኢንተርኔት በመላው አገሪቱ ተቆራርጦ ነበር። በ2025 በዛው ቀን ደግሞ የኮሙኒኬሽን ባለስልጣኑ ሰልፉን ላይቭ እንዳታስተላልፉ ብሎ ቲቪዎቹን አቋረጠ፣ ፍርድ ቤት በዛው ቀን አገደው። ስለዚህ ኢንተርኔቱንም ቲቪውንም ብቻ አትመኑ። ሁለት ላይን ይኑራችሁ፣ ሳፋሪኮምና ኤርቴል፣ ሁለቱም ላይ ኤየርታይም፣ ፓወር ባንክ ሙሉ፣ ካርታው ኦፍላይን የወረደ፣ ቪፒኤን ካስፈለገም ከዋዜማው የተጫነ። የአምስት ሰው ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ቦርሳ ውስጥ አስገቡ፣ ስልክ የሚነጠቀው በዛ ግርግር ነው፣ የሚስቱን ቁጥር በቃሉ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ጠፍቷል። 999 ወይም 112 ፖሊስ ነው፣ የኬንያ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 1199።

የሀበሻ ግሩፕ ላይ የሚላከው ቮይስ ጉድ ነው። "ወንድሞች እህቶች፣ አሁን ከታማኝ ምንጭ ሰማሁ፣ ኢስሊ ቤት ለቤት እየገቡ ነው" የሚል ድምጽ ይመጣል፣ መቼ እንደተቀዳ የለውም፣ ማን እንደሆነ የለውም፣ ብዙ ጊዜ ያምና የነበረ ነው። የትኛው መንገድ፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ አንተ ራስህ አይተሃል ወይ ብሎ መጠየቅ በቂ ነው፣ ሶስቱንም ያልመለሰውን አታስተላልፉት። ሰዓት ላይም ተጠንቀቁ፣ ኬንያኖች በስዋሂሊ ሲያወሩ እንደኛ ነው የሚቆጥሩት፣ በእንግሊዝኛ ሲያወሩ እንደ ፈረንጅ ነው፣ "በሁለት እወስድሃለሁ" ያለ ሹፌር ጠዋት ይሁን ከሰዓት አረጋግጡ።

ሰልፉ ላይ መውጣት አለመውጣት

ሕገ መንግሥታቸው አንቀጽ 37 በሰላም የመሰብሰብ መብት "ለማንኛውም ሰው" ይላል፣ ለዜጋ ብቻ አይልም። ይሄን ይዘው የሚከራከሩ ወጣት ሀበሾች አሉ፣ በወረቀት ላይ ልክ ናቸው። እኔ ግን አትውጡ ነው የምለው። ኬንያዊው ቢያዝ ነገ በዋስትና ወጥቶ ቤቱ ይገባል፣ እናንተ ከተያዛችሁ ክሱ ቢቀር እንኳ የኢሚግሬሽን ጉዳዩ ይቀጥላል፣ ፐርሚት የሚሰርዝ ዴፖርት የሚያደርግ ስልጣን አላቸው። ልባችሁ ከልጆቹ ጋር ከሆነ ውሃ ማቀበልም ለተጎዳ ማዋጣትም አለ። ታክሲ ውስጥ ስለ ጎሳ አታውሩ፣ ኪኩዩ እንዲህ ነው ሉዎ እንዲያ ነው የሚለው ወሬ አገራቸው ውስጥ በ2007 ምርጫ ማግስት ከሺህ ሰው በላይ የሞተበት ነው፣ ከእንግዳ አፍ ሲወጣ ደግሞ ይከፋል።

ቀኑ ላይ

የሚቻል ከሆነ ቤት ዋሉ፣ በቃ። አሰሪያችሁ ኑ ካለ መልእክቱን በጽሑፍ ይላክላችሁ፣ መንገድ ሲዘጋም ፎቶ ልካችሁ አሳውቁ፣ ቃል ብቻ ነገ ይካዳል። የልጆች ትምህርት ቤት ዋዜማ ማታ ነው ሜሴጅ የሚልከው፣ ካልላከ እናንተ ደውሉ፣ "ክፍት ነው" ቢሉም እኔ ልጄን አልልክም፣ ጠዋት መሄዱ ቀላል ነው፣ ከሰዓት ማን ያመጣዋል?

የግድ መውጣት ያለባችሁ ሰዎች አላችሁ፣ ነርሶች፣ ሆቴል የምትሰሩ፣ ዳያሊሲስ ያለባቸው። ሳይነጋ ውጡ፣ ነገሩ የሚሞቀው ከረፋዱ ጀምሮ ነው፣ ጠዋት መግቢያው ከተዘጋ ግን አትታገሉ ተመለሱ። የሚያስሮጥ ጫማ፣ ደብዘዝ ያለ ልብስ፣ የኬንያ ባንዲራም የወታደር መልክ ያለው ነገርም አትልበሱ። በ2025 ጁን ላይ በሞተር የመጡ፣ አለንጋና ቆመጥ የያዙ ሰዎች ፖሊስ እያየ ሰልፈኛ ሲደበድቡ ነበር፣ ሞተሮች ተሰብስበው ፊት ሸፍነው ካያችሁ ሰልፈኛ ናቸው ወይ ብላችሁ አትመራመሩ፣ ክፍት ህንጻ ግቡ። ፖሊስም ያለ ዩኒፎርም ታርጋ በሌለው መኪና ይመጣል፣ ስልክ አውጥታችሁ አትቅረጹ።

አስለቃሽ ጭስ ሲመጣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ እዩና ወደሚመጣበት ወይ ወደ ጎን ሂዱ፣ ሰው በሚሮጥበት ሁሉ አትሩጡ። አይን አታሹት፣ ብዙ ንጹህ ውሃ አፍሱበት፣ ወተትና ኮካ የሚባለው አይረባም። ኮንታክት ሌንስ ያደረጋችሁ ያን ቀን መነጽር አድርጉ። ማታቱ ውስጥ ከሆናችሁ መስኮቱን ዝጉ፣ ጭሱ ውስጥ ከገባ ግን ወርዳችሁ ራቁ። ቤት ከሆናችሁ መስኮት ዘግታችሁ በሩ ስር እርጥብ ፎጣ፣ ልጆቹ ወደ ውስጠኛው ክፍል። የነካው ልብስ ለብቻው ይታጠብ። ተኩስ ከተሰማ መሬት ላይ፣ ግንብ ጀርባ፣ ማን ተኮሰ ብሎ ቀና ማለት የለም።

ከተያዛችሁ

አትታገሉ፣ አትሩጡ፣ እጃችሁ ይታይ። አንቀጽ 49 ለምን እንደተያዛችሁ በምትረዱት ቋንቋ እንዲነገራችሁ፣ ዝም የማለት፣ ጠበቃ የማግኘት መብት ይሰጣችኋል፣ በ24 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት መቅረብ አለባችሁ፣ 24ቱ ሰዓት ቅዳሜና እሁድ ላይ ካለቀ በሚቀጥለው የስራ ቀን። የት ጣቢያ እንደገባችሁ ለአንድ ሰው ማሳወቅ ከሁሉ ይቀድማል፣ ውጪ ያለው ሰው ደግሞ ጣቢያው ሄዶ የኦቢ (የጣቢያው መዝገብ) ቁጥሩን ይጠይቅ፣ መዝገቡ ላይ ስማችሁ አለ ማለት ጠፍታችሁ አትቀሩም ማለት ነው። የማታነቡትን አትፈርሙ። ፖሊስ ቦንድ በነጻ ነው፣ ካሽ ቤል (የገንዘብ ዋስትና) ከተባለ ግን ደረሰኝ አለው፣ ደረሰኝ የሌለው ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ፓስፖርት ያላችሁ ኤምባሲ ይደወልላችሁ። ስደተኛ የሆናችሁ ኤምባሲ ሳይሆን ዩኤንኤችሲአር፣ ወይም ለስደተኛ ጠበቃ የሚያቆሙትን ሬፊውጂ ኮንሶርቲየም ኦፍ ኬንያንና ኪቱዎ ቻ ሼሪያን ነው የምትፈልጉት፣ ቁጥራቸውን ከዛሬ ያዙት።

ሱቅ ላላችሁ

ኢንሹራንሳችሁን አውጥታችሁ አንብቡት። ተራው የስርቆትና የእሳት ውል የሕዝብ አመጽን ብዙ ጊዜ አይሸፍንም፣ ፖለቲካል ቫዮለንስ ኤንድ ቴረሪዝም የሚባል ለብቻው የሚገዛ አለ፣ የጁን 2025 ዝርፊያ ብዙ ሰው ያስተማረው ይሄን ነው። ዕቃ ዝርዝሩንና ደረሰኙን ፎቶ አንስታችሁ ሱቅ ውስጥ ያልሆነ ቦታ አስቀምጡ። ከሁለት ቀን በፊት ስልክና ኤሌክትሮኒክስ የመሳሰለውን ቀላልና ውድ ዕቃ አውጡ፣ ሹተሩን ዝጉ፣ ዘበኛውን ብቻውን አትተዉት፣ ከጎረቤት ሱቆች ጋር ተዋጥታችሁ ሁለት ሶስት ሰው ይሁን። ሱቅ ሊዘረፍ ሲመጣ ቆሞ መከላከል የሚባለውን እኔ አልመክርም።

በረራ ያላችሁ

ዋዜማውን ማታ ኤርፖርት አካባቢ እደሩ፣ ከፍ ያለ ወጪ ነው ግን ከቲኬት ያንሳል። ካሬን በኩል ያለ ሰው በሳውዘርን ባይፓስ፣ ቲካ ሮድ በኩል ያለ በኢስተርን ባይፓስ ታውንን ሳይነካ ይደርሳል። ከዌስትላንድስ የሚነሳው ኤክስፕረስዌይ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን አንዳንድ መውጫና መግቢያው ሊዘጋ ይችላል። ኤርፖርቱም ራሱ ይቆማል፣ በሴፕቴምበር 2024 ሰራተኞቹ ኤርፖርቱን ለህንዱ አዳኒ ኩባንያ ለመስጠት በታሰበው ውል ምክንያት አድማ መትተው በረራ ተስተጓጉሎ ነበር፣ ከመውጣታችሁ በፊት አየር መንገዱን ጠይቁ።

እናት ጋ ደውሉ

ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ ይሄም ስራ ነው። አዲስ አበባ ያለች እናት ቲክቶክ ላይ የሚቃጠል መኪና ታያለች፣ ከዛ ያ መኪና ልጇ በር ላይ የቆመ ይመስላታል፣ አርባ ጊዜ ትደውላለች፣ ኔትወርኩ ተጨናንቆ አይገባም፣ ከዛ አክስት ጋ፣ ከዛ ቶሮንቶ ያለው ወንድም ጋ፣ ማታ ላይ እናንተ ሞታችሁ ልቅሶ ሊቀመጥ ነው። ዋዜማ ማታ ደውሉና "እማዬ ነገ ሰልፍ አለ፣ እኔ ቤት ነኝ፣ ስልክ ላይሰራ ይችላል፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ቴክስት አደርጋለሁ" በሏት። አንድ ወንድም ወይ እህት ምረጡ፣ ዜና የሚወጣው በእሱ በኩል ብቻ ይሁን።

ማግስቱና ከዛ በኋላ

በማግስቱ ጠዋት ማታቱ መደበኛ ቲኬት ካስከፈለና ባንኮቹ ከከፈቱ ታውን መውረድ ይቻላል፣ ግን እስከ ሁለተኛው ቀን የሚቆይ ጉዳይ ከሆነ አቆዩት፣ መስታወት አለ፣ የተበሳጨ ፖሊስ አለ። የሞቱ ልጆች የቀብር ቀንና የተያዙት ፍርድ ቤት የሚቀርቡበት ቀን እንደገና ሊሞቅ ይችላል።

የሚቀጥለው ምርጫ ኦገስት 10 ቀን 2027 ነው፣ በእኛ ነሐሴ 4 ቀን 2019። በ2017 ምርጫው ኦገስት 8 ተደርጎ፣ ሴፕቴምበር 1 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰርዞት፣ ኦክቶበር 26 ተደግሞ ነበር፣ ማለትም ግርግሩ የአንድ ቀን ሳይሆን የወራት ነበር። ፐርሚታችሁ ወይም የስደተኛ መታወቂያችሁ ከጁላይ እስከ ኖቬምበር 2027 ባለው ጊዜ የሚያልቅ ከሆነ እድሳቱን ቀድማችሁ ጀምሩ፣ የቤት ኪራይ ውል የምትፈርሙም ያንን ሰሞን የሚያልቅ አታድርጉት፣ በዛ ወር ቤት መቀየር የሚባል ነገር የለም፣ የሚያጓጉዝላችሁ መኪናም አታገኙም።